ከደሴ በበሽሎ ገደል ወደ ጋሸና እንዴት ይነዳል?

ወሎን በመኪና ማየት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት የምመክረው ከደሴ በኩታበር ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ ነው። በወልዲያ መሄድ ይቀላል፤ ግን ይሄን ገደል አታዩትም።

መጀመሪያ ወቅት ምረጡ። ክረምት አይታሰብም። ወሎ ደግሞ በልግ አለው፤ ከየካቲት ጀምሮ ደጋው ሊዘንብበት ስለሚችል ከጥቅምት እስከ ጥር ይሻላል። ደሴ መናኸሪያ ሄዳችሁ በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችን ስለ መንገዱም ስለ ጸጥታውም ጠይቁ። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካሏችሁ ይቅር። ማታ በፍጹም አትንዱ።

መኪናው ከፍ ያለ ፎር ዊል ይሁን። ናፍጣ ደሴ ሙሉ፣ የስኮርታ ጎማውን ነፋስ እዩ፣ ክሪክና ውሃ ያዙ። ፍሬኑን መካኒክ ይየው።

ዋናው ሥራ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ዳገቱን ብትወጡት በምትይዙት ማርሽ ውረዱ፤ ሁለተኛ፣ ባስ ሲልም አንደኛ። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው። እግሩን ፍሬን ላይ ተክሎ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልና በጭንቁ ሰዓት አልይዝ ይለዋል። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ውሃ ግን አትድፉበት። ኩርባ ላይ ክላክስ አድርጉ። ዳገት ለሚወጣው ቅድሚያ ስጡ። ከብት ከመጣ ቁሙ፤ እረኛው ያሳልፋቸዋል።

ታች ወንዙ ጋ ቆላ ነው፣ የደሴው ጃኬት ይወልቃል። እዚህ ሳትወርዱ እንዳታልፉ። መቅደላ ሩቅ አይደለም። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስጎትተው፣ ከሠራዊታቸው ጋር መንገድ እየጠረጉ፣ የጅዳን ወንዝ ገደልና ይሄንኑ በሽሎን አሻግረው ነው መቅደላ ያደረሱት። ወራት ፈጅቷል። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ። ገደሉን ቀና ብላችሁ ስታዩት ያ ድካም ምን ያህል እንደነበር ይገባችኋል፤ ታሪክ ሲነበብ እንዲህ አይከብድም።

ከድልድዩ ወዲያ ዳገት ነው። የሞተሩን ሙቀት ጌጁ ላይ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ከጋለ አሳርፉት። ደላንታ ላይ ስትወጡ ብርዱ ይመለሳል። ወገልጤና እደሩ፤ ከተማዋ ኦፓል በሚባለው የከበረ ድንጋይ ትታወቃለች። ልትገዙ ካሰባችሁ ደርቆ ሳለ እዩት፣ የወሎ ኦፓል ውሃ ስለሚመጥ ሲርስ መልኩ ይለወጣል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋሸና ንዱ። እዚያ መንገዱ ይከፈላል፦ አንዱ ወደ ላሊበላ፣ አንዱ ወደ ወልዲያ።