አንድ ቀን ተነስታ አንድ ቀን የምታኮርፍ አሮጌ መኪና፦ ችግሩና መፍትሄው

እኛ ሰፈር ደሴ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ማታ የሚያቆማት አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ነው። ጠዋት በቁልፍ እንቢ ካለች ቁልፉን ከፍቶ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ረግጦ ያንደረድራትና ድንገት ሲለቀው ትነሳለች። እኔም ካርቡሬተር ያላትን ኮሮላዬን አንድ ክረምት ሙሉ እንዲሁ አባበልኳት። ቁልቁለቱ በሽታዋን ደበቀልኝ እንጂ አላዳናትም። በዚያ ላይ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ከፊት ሕፃን ቢሻገር ምን ይደረጋል?

የዚህ ዓይነቷ መኪና ክፋቷ ጋራዥ ስትደርስ በመጀመሪያው ቁልፍ መነሳቷ ነው። ስለዚህ ምርመራው እንቢ ባለችበት ቦታ፣ በዚያው ደቂቃ ይጀመር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ወይስ ትኩስ? ቁልፉ ሲዞር ምን ድምፅ ተሰማ? መብራቱስ ደበዘዘ?

መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) እያቃሰተ ያዞራል

ሁሉም ሰው «ባትሪ ቀይር» ይላል። እኔም ሰምቼ ቀየርኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ያው ሆነ። መጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ማሰሪያዎች በእጅ ጠምዝዙ፤ ከተንቀሳቀሱ ላልተዋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ኔጌቲቩን (የ«−» ምልክት ያለበትን) አስቀድማችሁ ፍቱ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውኃ እጠቡ፣ አድርቁ፤ ስትመልሱ ኔጌቲቩ የመጨረሻ ይሁን።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ነው። የእኔዋ በሽታ እዚያ ነበር። ብሎኑ ጥብቅ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ከሥሩ ያለው መዳብ አረንጓዴ ለብሷል። ቮልት መለኪያ ካላችሁ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉና ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ንባቡ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ሽቦው ወይም ማሰሪያው ተበላሽቷል። ሁለቱን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አጥብቁ።

ባትሪው ራሱ አርፎ ሲያድር 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ብቻ ቀርቶታል። ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ አርጅቷል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልደረሰ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም።

መብራቱ ብሩህ ነው፣ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል

ቁልፉ አምስቴ ዞሮ በስድስተኛው ከተነሳ ጥርጣሬው ሞተሪኖው ላይ ነው፦ ወይ ውስጡ ያለው የመዳብ መገናኛ ተበልቷል፣ ወይ ካርቦኑ (ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግረው) አልቋል። ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሌላው የሞተሪኖውን ሆድ በእንጨት ቀስ አድርጎ ይምታ። ከተነሳ ካርቦኑ ሳያልቅ አይቀርም። ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት መገናኛውንና ካርቦኑን ብቻ አስቀይሩ።

«ቀጭ» እንኳ ካላለ ወደ ቁልፉ ማዞሪያና ወደ ሽቦው ሂዱ። አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ትኩስ ሞተር ግን አይነሳም

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ወጥታችሁ ፒያሳ ሩብ ሰዓት አቆማችሁ፤ ስትመለሱ እንቢ። ሞተሩ ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ቆሞ ሙቀቱ ወደ ቤንዚን ፓምፑና ካርቡሬተሩ ይወጣል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ በመሆኑ አየሩ ሳስቷል፤ ቤንዚኑም ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይተናል። አሽትቱ። ቤንዚን ካልሸተተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ፣ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉ። ዘላቂው መፍትሄ የቤንዚን ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ ነው። ቤንዚን በኃይል ከሸተተ ግን ሞተሩ ጠግቧል፤ ነዳጁን እስከ ታች ረግጣችሁ፣ ሳትለቁ አስነሱ።

በሁለቱም እንቢ ካለ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ይኖራል፤ እሱን ለመካኒክ ተዉት።

ጭጋግ ባለበት ጠዋት ብቻ ትቸገራለች

የዲስትሪቢውተሩን (ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) ክዳን አውጥታችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ አብሱ፣ ስንጥቅም ፈልጉ። የካንዴላ ሽቦዎቹን ከጠረጠራችሁ በጨለማ ሞተሩን አስነስታችሁ እጃችሁን ሳትሰዱ ኮፈኑ ሥር ተመልከቱ፤ የተሰነጠቀው ሽቦ ሰማያዊ ብልጭታ እየረጨ ራሱን ያጋልጣል።