የባህር ውሃ አኳሪየም በደብረ ብርሃን፦ ስኪመር ያስፈልጋል ወይ? (ችግርና መፍትሄ)

ስጋ ሲቀቀል ከላይ የሚሰፍረው አረፋ በጭልፋ ይገፈፋል። ስኪመር የሚባለው የገንዳ ውሃ ማጽጃ መሳሪያም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጨዋማውን ውሃ ከደቃቅ የአየር አረፋ ጋር ይቀላቅላል፤ የዓሳው ልጋግ፣ የተረፈ ምግብ ቅባትና ፕሮቲን አረፋው ላይ ተለጥፎ በአንገቱ በኩል ይወጣና ኩባያው ውስጥ ይጠራቀማል። ቆሻሻው በስብሶ አሞኒያ፣ ቀጥሎም ናይትሬት ከመሆኑ በፊት ተገፈፈ ማለት ነው። አንዴ ናይትሬት ከሆነ ግን ስኪመር አያወጣውም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ሳያውቅ ነው።

የግድ ነው ወይ ለሚለው፣ 100 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሽና ቆሻሻ የሚያፈርስ ባክቴሪያ የሰፈረበት በቂ ድንጋይ ያለው፣ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ የሚቀየርለት ገንዳ ያለ ስኪመር ደህና ይኖራል። 300 ሊትር ሆኖ ብዙ የሚበሉ ዓሦች ካሉበት ስኪመር ቢገባለት ይሻላል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከቆሻሻው በፊት መታሰብ ያለበት አየሩ ነው።

ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት ውሃው አናት ላይ ተሰብስበው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ

ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባህር ጠረፍ 26 ዲግሪ ሙቀት ያለው ጨዋማ ውሃ በሊትር ወደ 6.6 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ ቢበዛ 4.7 ገደማ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች 5.6 አካባቢ ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ ሙቀቱ ውሃውን አሙቆ መልሶ ይቀንሰዋል። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ አልጌው ኦክስጅን ማምረቱን ትቶ እንደ ዓሳው ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ውሃው በጣም የሚታፈነው ሊነጋ ሲል ነው።

በመጀመሪያ የውሃውን ፊት ከጎን ይመልከቱ። ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ስስ ሽፋን ካለው አየር አይገባም። የውሃ መግፊያ ፓምፑን ወደ ላይ አዘንብሎ ፊቱ ሁሌ እንዲንቀጠቀጥ ማድረግ ይበቃል፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ከሁሉ ቀድሞም መደረግ ያለበት እሱ ነው። ሂተሩ 28 ላይ ከሆነ ወደ 25 ይውረድ፤ በቀን ከአንድ ዲግሪ አይበልጥ።

ቀጥሎ ስኪመር። ብዙ አየር ከውሃ ጋር ስለሚያገናኝ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሳንባ ያገለግላል፤ ደጋ ላይ ስኪመር እንዲኖር የምንመክረውም በዋናነት ለዚህ ነው። ሆኖም ከፍታው ከፈቀደው በላይ ኦክስጅን አይጨምርም። በውጭ አገር ሰንጠረዥ "ለዚህ ገንዳ ዘጠኝ ዓሳ" ከተባለ እዚህ ስድስት ይግባበት።

ፒኤች ከ7.8 ከፍ አልል ይላል

ብርዱን ፈርቶ መስኮት በተዘጋበት ቤት የሰው ትንፋሽና የቡና ከሰል የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ይህ ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ዝቅ ያደርጋል፤ ስኪመሩም የሚስበው ያንኑ አየር ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከገንዳው አንድ ጆግ ውሃ ይቀዳና በረንዳ ላይ በትንሽ የአየር ፓምፕ ለአንድ ሰዓት አረፋ ይነፋበታል። ፒኤቹ ከ7.8 ወደ 8.1 ከወጣ ጥፋተኛው የክፍሉ አየር ነው። ካልተነሳ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ይለካ።

መፍትሄው የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ቱቦው ከመሳሪያው ጋር ከመጣው የቀጠነ አይሁን፤ ረጅምና ቀጭን ቱቦ አየር ያሳንሳል። ጫፉ ወደ ታች ይታጠፍ፣ ነፍሳት እንዳይገቡ ወንፊት ይታሰርበት፤ ከማድ ቤት ጭስና ከመኪና መንገድም ይራቅ። ክፍል ውስጥ የነፍሳት መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ቱቦው ውጭ መሆኑ ዓሦቹን ከሞት ሊያድን ይችላል። ውርጭ በሚወርድባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች የሚገባው አየር ውሃውን እንዳያቀዘቅዝ ቴርሞሜትሩን ያረጋግጡ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኩባያው ሞልቶ ወለል ላይ ይፈሳል

ስኪመሩ አልተበላሸም። መብራት ሲጠፋ ከላይኛው ገንዳ ያለው ውሃ ወደ ታችኛው፣ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፤ እዚያ ያለው ውሃ በብዙ ሴንቲሜትር ይነሳል። መብራቱ ሲመለስ ስኪመሩ ውሃው ገና ከፍ እንዳለ ይነሳና አረፋውን ሳይሆን ውሃውን ወደ ኩባያው ይገፋል።

ውሃውን ከሳምፑ ወደ ላይ የሚመልሰውን ዋናውን ፓምፕ ሆን ብለው ያጥፉ፤ ውሃው መውረድ ሲያቆም ሳምፑ ላይ በማርከር ያስምሩ። መስመሩ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ካልሆነ ውሃ ወደ ላይ የሚመልሰው ቧንቧ ላይ፣ ከውሃው ፊት ልክ ዝቅ ብሎ የ5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳ፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ገብቶ መምጠጡ ይቆማል። ቀዳዳው በጨው እንዳይደፈን በየወሩ ይጠረግ።

ስኪመሩ ከዋናው ፓምፕ ዘግይቶ እንዲነሳም ያስፈልጋል። ለፍሪጅ የሚሸጠው የቮልቴጅ መከላከያ መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ስለሚያበራ ለዚህ ይሆናል፤ ቮልቴጅ ሲወርድም ሞተሩን ከመቃጠል ይጠብቀዋል። ዋናው ፓምፕ እሱ ላይ አይሰካ። መብራቱ ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት ሰፈር ስኪመር ብቻውን አያድንም፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ስኪመሩ ይሠራል፣ ኩባያው ግን ባዶ ነው

አዲስ ከሆነ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይታገሱ፤ ከፋብሪካ የቀረበት ቅባት እስኪለቅ አረፋው አይጸናም። የቆየ ከሆነ ሳምፑ ውስጥ ያለውን ጥልቀት በማስመሪያ ይለኩ፤ ብዙዎቹ ከ18 እስከ 23 ሴንቲሜትር ይፈልጋሉ፣ የእርስዎ መመሪያ የሚለው ግን ይቀድማል።

ከዚያ የአየር ቱቦውን ነቅለው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። ሩዝ የሚያክል ነጭ የጨው ቅርፊት ተጋግሮ ይገኛል። ለብ ባለ ውሃ ይሟሟል። ፓምፑ ራሱ በየሦስት ወሩ ተፈትቶ እኩል በተቀላቀለ አቼቶና ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይነከርና ይለቅለቅ።

አንድ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ፦ መብራት ቆራረጥ ሲል ትንሹ ሞተር ወደ ኋላ ዞሮ ሊነሳ ይችላል። ድምፁ ይለወጣል፣ አረፋውም ከወተት ነጭነት ወደ ትላልቅ ኳሶች ይቀየራል። ነቅሎ አሥር ሰከንድ ቆይቶ መሰካት በአብዛኛው ያስተካክለዋል።

የአንገቱ ውስጥ ቅባት ከያዘም አረፋው አይወጣም፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ያለ ሳሙና፣ ይታጠብ።

አረፋው በድንገት ገንፍሎ አልቆም ይላል

ሳሙና የነካ እጅ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ፈሳሽ፣ መድኃኒት፣ ወይም ያልደረቀ ሲሊኮን ነው። ኩባያው ተነስቶ አረፋው ተመልሶ ሳምፑ ውስጥ ይፍሰስ፣ አክቲቭ ካርቦን (ውሃ የሚያጣራ ከሰል) ይግባ፣ ከውሃው 15 በመቶ ይቀየር። የሞተ ዓሳ ከድንጋይ ሥር አለመኖሩንም ይፈትሹ።

አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ ይነሰነሳል

ይህ ከስኪመሩ ጋር አይገናኝም። የሰሜን ሸዋ ደጋ ባዛልት ድንጋይ ነው፤ ከእንዲህ ዓይነት ድንጋይ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሊካ ይበዛዋል፣ ዳያተም የሚባለው አልጌም የሚያድገው በእሱ ነው። በአርኦ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ።

የጨው መጠኑ በየሳምንቱ ይወርዳል

ኩባያው ውስጥ የሚጠራቀመው የቀጠነ ሻይ ከመሰለ ስኪመሩ ጨዋማ ውሃ እየጣለ ነው፤ የጎደለው በንጹህ ውሃ ሲሞላ ጨዉ ይቀንሳል። የስኪመሩን የውሃ መውጫ ቫልቭ በትንሹ ከፍቶ ስኪመሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ዝቅ ማድረግ፣ ኩባያው ጥቁር ቡና የመሰለ እስኪሰጥ መጠበቅ። ልኩ 35 ግራም በኪሎ፣ በሃይድሮሜትር 1.026 ነው። የጎደለውን በባህር ጨው ቅልቅል ብቻ ይሙሉ፤ የወጥ ቤት ጨውም ሆነ ከአፋር የሚመጣው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ስለሆነ ኮራል የሚፈልገው ካልሲየምና ማግኒዚየም በበቂ አይኖረውም።