የቆዳ ንቅለ ተከላ ኮድ፦ ከስፋቱ ጀምሩ

አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ንቅለ ተከላ ክሌም (ለኢንሹራንስ የሚላክ የክፍያ ጥያቄ) ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስሌቱ ላይ ነው። ስለዚህ የሲፒቲ (የሕክምና አገልግሎት ኮዶች) መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት ከቀዶ ሕክምና ሪፖርቱ ሦስት ነገር አውጡ፦ ቆዳው ከየት መጣ፣ ቁስሉ የት ነው፣ ስፋቱ ስንት ካሬ ሴንቲሜትር ነው። የሚለካው ቆዳውን የሚቀበለው ቁስል ነው፤ ከጭን የተነሣው ቆዳ ወይም ከፓኬት የወጣው ምርት ስፋት እዚህ አይገባም። ሪፖርቱ «ትልቅ ቁስል» ብሎ ካለፈ ገምታችሁ አትሙሉ፤ ለሐኪሙ መልሱት።

ከታካሚው የተወሰደ ስስ ቆዳ ለደረት፣ ለሆድ፣ ለጀርባ፣ ለክንድና ለእግር 15100 ነው። ለፊት፣ ለራስ ቅል፣ ለአንገት፣ ለጆሮ፣ ለብልት፣ እንዲሁም ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት በታች ላለው ክፍል ደግሞ 15120። ሁለቱም የመጀመሪያውን 100 ካሬ ሴንቲሜትር ይይዛሉ፤ ለሚቀጥለው እያንዳንዱ 100 ወይም ሽራፊ 15101 ወይም 15121 ይደረባል። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ በ100 ፈንታ የሰውነቱ ገጽ 1 በመቶ ይታሰባል።

ሙሉ ውፍረት ያለው ቆዳ (15200–15261) በ20 ካሬ ሴንቲሜትር ነው የሚቆጠረው። ምድቦቹ አራት ናቸው፤ ራስ ቅልም ከክንድና ከእግር ጋር 15220 ውስጥ ይገባል። የስስ ቆዳውን ምድብ የለመደ ሰው እዚህ ይስታል።

ምትክ ቆዳ፣ ማለትም ከፓኬት የሚወጣው ምርት (15271–15278) ላይ ነው ጣጣው። ቅልጥም ላይ 8 በ5፣ ክንድ ላይ 6 በ5፣ ቀኝ ተረከዝ ላይ 5 በ4 ቁስል አለ እንበል። ቅልጥምና ክንድ አንድ ምድብ ስለሆኑ ይደመራሉ፦ 70። 15271 የመጀመሪያውን 25 ይዞ አንድ ጊዜ ይገባል፤ ለቀሪው 45 ደግሞ ለእያንዳንዱ 25 ወይም ሽራፊ የሚደረበው 15272 ሁለት ጊዜ። ተረከዙ ከሌላ ምድብ ስለሆነ አይደመርም፤ 15275 ሆኖ ለብቻው ይገባል፣ ሲስተሙ ከጠየቀ በሞዲፋየር (ከኮዱ ጋር የሚጻፍ ማሟያ ምልክት) 59 ወይም ኤክስ ኤስ። የአንድ ምድብ ድምር 100 ከሞላ ግን በ25 መቁጠር ቀርቶ በ100 ይሆናል፤ 120 ቢሆን 15273 አንድ፣ 15274 አንድ። ለአንድ ምድብ 15271ንና 15273ን አብሮ መላክ አይቻልም።

ሪፖርቱ ምትኩ በምን እንደተያያዘ (በስፌት፣ በስቴፕል፣ በማጣበቂያ) መናገር አለበት። ጄል፣ ዱቄት፣ ፎምና ፈሳሽ በነዚህ ኮዶች አይጠየቅም። ምርቱ በካሬ ሴንቲሜትር የሚቆጠር የራሱ ኮድ አለው፤ ለምሳሌ አፕሊግራፍ የተባለው ምትክ ቆዳ ኮድ ኪው4101 ነው። አንዱ ክብ 44 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ ምን ያህሉ እንደዋለ፣ ምን ያህሉ እንደተጣለ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። የሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) የምርት አከፋፈል በ2026 ተለውጧል፤ የድሮውን ሠንጠረዥ ተዉት።

15002–15005 የሚገባው ሐኪሙ ቁስሉን ወይም ጠባሳውን ቆርጦ ቆዳው የሚተከልበትን ቦታ ሲያዘጋጅ ነው። ቁስሉን ማጠብና ቀድሞ የተተከለውን ቆዳ ማንሣት ብቻውን በተከላው ኮድ ውስጥ ይጠቃለላል። ቁስሉ በራሱ እንዲሞላ ከተተወ ወደ ቁስል ማጽጃ ኮዶቹ፣ ወደ 97597 ወይም 11042–11047 ሂዱ።

በምርመራው (በበሽታው) ኮድ በኩል፣ የዓይነት 2 ስኳር የእግር ቁስል ከሆነ ኢ11.621 ይቅደም። ኤል97 ተከትሎ ቦታውንና ጥልቀቱን ይናገር፦ ስብ የታየበት የቀኝ ተረከዝ ቁስል ኤል97.412 ነው።

15100 የ90 ቀን ክትትል በውስጡ አለው፤ በዚያ ጊዜ መደበኛ ፋሻ መቀየር ለብቻ አይጠየቅም። 15271 ግን ክትትሉ 0 ቀን ስለሆነ፣ የኢንሹራንሱ ገደብ እስከፈቀደ ድረስ እያንዳንዱ ተከላ ለብቻው ይላካል።