ኒዮን ቴትራን በደሴ ከፍታ ላይ ማኖር

ኒዮን ቴትራ በፔሩ፣ በኮሎምቢያና በብራዚል በሚገኙት የላይኛው አማዞን የጫካ ጅረቶች የሚኖር፣ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ በመንጋ የሚጓዝ ዓሣ ነው። ጎኑን የሚያቋርጠው ሰማያዊ መስመርና ከሆዱ አጋማሽ እስከ ጅራቱ የሚዘልቀው ቀይ ቀለም መለያዎቹ ናቸው። ቀዩ ከራስ እስከ ጅራት ከዘለቀ ግን ዘመዱ ካርዲናል ቴትራ ነው፤ እርሱ የበለጠ ሙቀት ስለሚሻ ለደሴ ጀማሪ አልመክረውም።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ ሁለት ችግሮች ተደርበው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ብርዱ ነው፤ ዓሣው ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውኃ ውስጥ የሚስማማው ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ክፍሉ ከዚህ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ሙቀት ተቆጣጣሪ ያለው ማሞቂያ የግድ ነው፤ 60 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ኮምቦልቻ ላይ የ50 ዋት ማሞቂያ ሊበቃ ቢችልም፣ ለደሴ ከ75 ዋት ባያንስ እመርጣለሁ። ሁለተኛው፣ ብዙዎች የማያስቡት፣ የአየሩ መሳሳት ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። የአየር ፓምፕ ቀንም ሌሊትም ይሥራ፤ ዓሣም ከመጠን በላይ አይጨመር። ቢሆንም ከስድስት በታች የሆነ መንጋ ይደነግጣል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል፤ ለ60 ሊትር አሥር ጥሩ ቁጥር ነው።

ውኃውን በተመለከተ፣ የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑን በሚያስወግድ መድኃኒት ይታከም። ኒዮን ለስላሳና ትንሽ አሲዳማ ውኃ ስለሚወድ፣ አልካላይን የሆነው የሐይቅ ውኃ አይስማማውም። የክረምት ዝናብ ውኃ ከቧንቧው ጋር ቢደባለቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በባልዲ በቀጥታ ከሰማይ ይቀዳ እንጂ ከቆርቆሮ ጣሪያ አይጠራቀም፤ ከቆርቆሮው የሚታጠበው ዚንክ ዓሣን ይመርዛልና። ለጌጥ የሚገባ እንጨትም ባሕር ዛፍ አይሁን።

ገንዳው ዛሬ ተሞልቶ ዓሣው ነገ አይገባም። የዓሣው ቆሻሻ የሚፈጥረውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወዳነሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ማጣሪያውም በክሎሪን ውኃ አይታጠብ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡን፣ በሙቀት የተመጣጠነ አዲስ ውኃ አዘጋጅቶ መለወጥ ይበቃል። ምግቡ በጣም ደቅቆ፣ በቀን ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል ይሰጥ።

ዓሣው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ብርድ ያልፋል፤ ከረጢቱን በፎም ሣጥን ውስጥ አድርጎ በጋቢ መጠቅለል ያሻል። እንደደረሰ ከረጢቱ ሳይከፈት ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፤ ከዚያም በየአሥር ደቂቃው አንድ አንድ ሲኒ የገንዳ ውኃ እየተጨመረበት አንድ ሰዓት ያህል ይቆይና ዓሣው ብቻ በመረብ ይዛወር።

መብራት ሲጠፋ ገንዳው ወዲያው በብርድ ልብስ ይሸፈን፤ ከላይ ግን አየር ማስገቢያ ይተው። ሙቅ ውኃ የተሞላና በደንብ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማንሳፈፍ ሙቀቱን ያቆያል፤ ውኃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስም የፓምፑን ሥራ በከፊል ይተካል። መብራቱ እስኪመለስ ምግብ አይሰጥ። ሌሊት በባትሪ ሲታይ ዓሣው ገርጥቶ ቢገኝ አያስደነግጥ፤ ኒዮን በጨለማ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ብርሃን ባገኘ በጥቂት ጊዜ ውስጥም ይመልሰዋል። ቀን ላይም የማይመለስ ነጭ ንጣፍ በጡንቻው ላይ ከታየና ከመንጋው ተነጥሎ ከቆመ ግን፣ መድኃኒት ያልተገኘለት የኒዮን ቴትራ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ያው ዓሣ ያለ ማመንታት ከሌሎቹ ይለይ።