የቤተሰብና የሕጻናት ሕግን በሕግ ትምህርት ቤት እንዴት ማጥናት ይቻላል?

የቤተሰብ ሕግ ገና ሲጀመር ቀላል ይመስላል። ጋብቻውንም ፍቺውንም ሁሉም በሰፈሩ አይቶታልና። ተማሪን የሚጥለውም ይኸው ነው፤ ፈተና ላይ ከአንቀጹ ሳይሆን ከሰፈሩ ልማድ ይመልሳል። «ቤቱ በእሷ ስም ስለተመዘገበ የእሷ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ በአንዱ ተጋቢ ስም የተመዘገበውንም ንብረት የጋራ ነው ብሎ የሚገምተውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 አላነበበም ማለት ነው። ስለዚህ የምታውቁትን ልማድ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉና በዚህ ቅደም ተከተል አጥኑ።

1. የትኛው ሕግ እንደሚገዛ ለዩ

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ለሚያስተዳድራቸው አካባቢዎች፣ በተግባር ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ክልሎች የራሳቸውን ማውጣት ይችላሉ፤ አማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 አውጥተዋል። ጥያቄው «ባሕር ዳር የሚኖሩ ባልና ሚስት» ካለ የፌዴራሉን አንቀጽ መጥቀስ ስህተት ነው፤ ድንጋጌው ቢመሳሰል እንኳ።

ቀጥሎ ዘመኑን እዩ። ከ1992 በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ፣ ፍቺንም በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ያኖር ነበር። አዲሱ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንንም ለፍርድ ቤት ሰጠ። በዓመተ ምሕረትም እንዳትሳሳቱ፤ ያው አዋጅ በእንግሊዝኛው ቅጂ 213/2000 ተብሎ ስለሚጻፍ ሁለት አዋጅ ያለ የሚመስላቸው አሉ።

2. አማርኛውን ቅጂ አንብቡ

ብዙ ማስተማሪያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛውን ሳይከፍት የሚመረቅ አይጠፋም። በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሁለቱ ቅጂዎች ቢጋጩ ግን የሚጸናው አማርኛው ነው። ቃላቱንም በትክክል ያዙ። በዕለት ንግግር «ሞግዚት» ልጅ ጠባቂ ናት፤ በሕጉ ግን አካለ መጠን ያላደረሰውን ልጅ በንብረቱና በገንዘብ ጉዳዩ የሚወክለው ሰው ነው። የልጁን አካል፣ ጤናና ትምህርት የሚከታተለው «አሳዳሪ» ይባላል። ሁለቱን ያምታታ መልስ ከዚያ በኋላ አይቃናም።

3. ንብረትን በሠንጠረዥ ተለማመዱ

ከኮርሱ ሁሉ ብዙ ልምምድ የሚፈልገው ይህ ክፍል ነው። ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ንብረቱ፣ የተገኘበት ቀን፣ የተገኘበት መንገድ፣ አንቀጹ። ከሁሉ በፊት የጋብቻ ውል፣ ማለትም ተጋቢዎቹ ስለ ንብረታቸው የተዋዋሉት ስምምነት፣ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ሲያገባ የራሱ ቤት ነበረው። በትዳሩ ዘመን ቤቱን በወር 8,000 ብር ለ5 ዓመት አከራየው፤ ይህም 480,000 ብር ነው። ሚስቱ ደግሞ 400,000 ብር ወርሳ በዚያው ገንዘብ መኪና ገዛች። ቤቱ በአንቀጽ 57 የባል የግል ንብረት ሆኖ ይቀራል። ኪራዩ ግን የጋራ ነው፤ አንቀጽ 62 ከግል ንብረት የሚገኘውንም ገቢ የጋራ ያደርገዋልና። ከኪራዩ ለኑሮ የወጣው ወጥቷል፤ የሚካፈሉት በእጅ ያለውን ነው። መኪናው ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። የተገዛው በግል ገንዘብ ቢሆንም፣ በአንቀጽ 58 የግል የሚሆነው በተጋቢዋ ጥያቄ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ ሲወስን ነው። ውሳኔ ከሌለ የጋራ ነው። ይህን ዓይነት ልምምድ ቢያንስ አሥር ጊዜ ሥሩ፤ በእያንዳንዱ አንድ ነገር ለውጡ፤ ስጦታ፣ ብድር፣ ለሁለቱም በጋራ የተደረገ ኑዛዜ።

ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ከሆነ ሌላ ገጽ ክፈቱ። እዚያ የጋራ ንብረት የሚኖረው ግንኙነቱ ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ ነው። የልጆቹ መብት ግን ከዚህ ቁጥር ጋር አይያያዝም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጪ የተወለዱትን ከሌሎቹ እኩል አድርጓቸዋል።

4. አባትነትን በቀን ቁጠሩ

ልጁ ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ፣ ወይም ጋብቻው በፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ ከተወለደ ባልየው አባት ነው ተብሎ ይገመታል። በወር መገመት ያሳስታል፤ ጳጉሜን የሚረሳ ብዙ ነው። ጋብቻው ሚያዝያ 1 ፈረሰ እንበል። «አሥር ወር» ብሎ የቆጠረ የካቲት 1 ላይ ይደርሳል። ጳጉሜ 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ግን 300ኛው ቀን ጥር 26 ነው። ጥር 28 የተወለደ ልጅ ከግምቱ ውጪ ነው ማለት ነው። ይህ ልጁን አባት አልባ አያደርገውም፤ አባት ልጅነትን መቀበልና በፍርድ ቤት ውሳኔ አባትነትን ማወቅ የሚሉት ሁለት በሮች አሉ። መልሳችሁ እነሱ ጋ ሳይደርስ እንዳያበቃ።

5. የሰበር ውሳኔ አንብቡ

ቢያንስ አምስት ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ጀምሩ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳደገችው፤ ለዓመታት ያልነበረው አባት ቆይቶ ሞግዚትነቱን ጠየቀ። የሥር ፍርድ ቤቶች የሕጉን ፊደል ይዘው ለአባት ወሰኑ። ሰበር የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕጻናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ፣ የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ሻረው። ስለ አስተዳደግ የምትጽፉት መልስ ሁሉ በዚህ ውሳኔ በኩል ማለፍ አለበት።

ውሳኔን ስታጠቃልሉ ከአንድ ገጽ አትበልጡ፤ ፍሬ ነገር፣ ጭብጥ፣ የሥር ውሳኔ፣ የሰበር ምክንያት። ምክንያቱን በራሳችሁ ቃል ጻፉ፣ ገልብጦ የጻፈ አያስታውሰውም። ሰበር አቋሙን ሊለውጥ ስለሚችል ውሳኔዎቹ የታተሙባቸውን የኋላ ቅጾችም ፈልጉ። የቆየ ማስታወሻም አትመኑ፤ በውጭ አገር ሰው የሚደረግ ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ቀርቷል፣ የድሮ የፈተና መልሶች ግን አሁንም ይፈቅዱታል።

6. ችሎት ግቡ፣ በሕግ ክሊኒክ (በነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከል) አገልግሉ

በሴሚስተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ የቤተሰብ ችሎት ተቀምጣችሁ፣ ዳኛው በአንቀጽ 113 ስለ ልጆቹ ምን ምን እንደሚጠይቁ መዝግቡ፤ የወላጆችን ገቢ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁን ዕድሜ። በዝግ የሚታይ ከሆነ ሳትጠየቁ ውጡ።

በነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከል ስታገለግሉ በማስታወሻችሁ የባለጉዳይ ስም አይኑር፤ ፊደል ይበቃል። ልጅ ካነጋገራችሁ ደግሞ «ከአባትህና ከእናትህ ማንን ትመርጣለህ?» አትበሉት። ጠዋት ማን እንደሚቀሰቅሰው፣ ሲታመም ማን ጤና ጣቢያ እንደሚወስደው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤት ማን እንደሚቆየው ጠይቁት። ዳኛው የሚፈልጉት መልስ እዚያ ውስጥ አለ፣ ልጁም ወላጁን የከዳ መስሎት አይሄድም።