የሰኔ ጥፋት ጥር ላይ ይታያል፦ በችግኝ ጣቢያና በመናፈሻ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ ከገባ ስልካችን አያርፍም። «ችግኝ ደርሷል?» «ስንት ትሰጡናላችሁ?» «መኪና መቼ እንላክ?» ትምህርት ቤቱም ይደውላል፣ ዕድሩም ይደውላል፣ ወረዳውም ይደውላል። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሕዝብ መናፈሻ ጋር በተያያዘ ችግኝ ጣቢያ ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፋንበት የሚወጣው በዚህ አንድ ወር ነው። የሚበላሸውም በዚሁ ወር ነው። ክፋቱ፣ ሰኔ ላይ የተሠራ ጥፋት ሰኔ ላይ አይታይም። ክረምቱ ሁሉንም አረንጓዴ አልብሶ ይሸፍነዋል። ጉዱ የሚወጣው ጥር ላይ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ነው።

ዝናብ ጣለ ብሎ ማጠጫውን መስቀል

የግንቦት መጨረሻና የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ አታላይ ነው። ያጉረመርማል፣ አሥር ደቂቃ ይወርዳል፣ ይሄዳል። ሠራተኛው «ዛሬስ እግዜር አጠጣልን» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። መደቡ ላይ ግን ችግኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው የቆሙት። በተለይ እንደ ዋንዛና ብሳና ቅጠሉ ሰፊ ከሆነ፣ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ውሃውን ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ላይ ላዩ ረጥቧል፤ ችግኙ የሚያድግበት ላስቲክ ውስጥ ያለው አፈር ግን ዱቄት ነው። ጣታችሁን ክተቱበት። እስከ ሁለተኛው አንጓ ካልረጠበ አጠጡ።

ተቃራኒውም አለ። ዝናቡ ከጸና በኋላ እንደ በጋው ጠዋትና ማታ የሚያጠጣ ሰው አይቻለሁ፤ ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ። ገና የበቀለ ጨቅላ ችግኝ እንዲህ ሲጨቀይ፣ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግንዱ እንደ ክር ይቀጥንና ይወድቃል። ጠዋት ቆሞ ያያችሁት ማታ ተኝቷል።

ችግኝን ማቀማጠል

ዳስ ሥር፣ በየቀኑ እየጠጣ ያደገ ችግኝ ያምራል። ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ ያብረቀርቃል። እሱን አውጥቶ እንጦጦ ተዳፋት ላይ መትከል ግን ሕፃን ልጅን ያለ ጋቢ ውጭ ማሳደር ነው። ለተከላ አንድ ወር ሲቀረው ማጠንከር ይጀመራል። ውሃው በየቀኑ የነበረው በሁለት ቀን፣ ቀጥሎ በሦስት ቀን ይሆናል። ከሰዓት ቅጠሉ ትንሽ ቢያዘነብልና ሌሊቱን ቢያገግም አትደንግጡ። ጠዋትም እንዳዘነበለ ካገኛችሁት ግን አብዝታችኋል ማለት ነው።

የዳሱም ሣር በአንድ ቀን አይነሳም። ይሳሳል፣ ሳምንት ይቆያል፣ እንደገና ይሳሳል። የሰኔ ደመና ሲገለጥ ፀሐዩ ይለበልባል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናትና።

ሥሩን መርሳት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እኛ የምንጠቀምበት ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ከታችም ክፍት ነው። ሥሩ ወርዶ መደቡን ያገኛል። ካገኘው ደግሞ አይመለስም፤ እዚያው መሬት ውስጥ ይገባል። ከላይ ስታዩት ችግኙ ተመንድጓል። «ኮምፖስቱ ሠራ!» ትላላችሁ። የሠራው ኮምፖስቱ አይደለም፤ ችግኙ ላስቲኩን ትቶ መሬቱ ላይ ነው የሚኖረው።

ከዓመታት በፊት አንድ መደብ ግራቪሊያ በእጄ ነበር። ሥሩን ሚያዝያ ላይ ቆርጬ፣ ከዚያ በሥራ ብዛት ረሳሁት። የጭነቱ ቀን አይሱዙው በር ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩ ይነጫነጫል። የመጀመሪያውን ችግኝ ሳነሳ አልነሳ አለኝ። ሳብ ሳደርገው ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከላስቲኩ ሥር የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ሥር ተበጥሶ ነጩ ሆዱ ይታያል። ውስጡ የቀረው ጥቂት ፀጉር ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጫንነው። በሦስተኛው ሳምንት በዝናብ መሀል ቆሞ ደረቀ። ተቀባዮቹ «ምስጥ ነው» አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ እያነሳችሁ በመቀስ ቁረጡ፣ ወይም ሁለት ሰው ሆናችሁ ከላስቲኮቹ ሥር ቀጭን ሽቦ ጎትቱ። ከመቁረጣችሁ በፊትም በኋላም አጠጡ። የመጨረሻው ቆረጣ ከጭነቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቅደም፤ ችግኙ ቁስሉን የሚያሽርበት ጊዜ ይፈልጋል። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ካለ ወዲህ ሐምሌ የዘመቻ ወር ሆኗል። ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚፈልገው። የተከላው ቀን እንደተነገራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩና የቆረጣውን ቀን ያዙ።

ረጅሙን መምረጥ

ለፎቶ ረጅም ችግኝ ያምራል። ለመሬት ግን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ግንዱ ደንደን ያለ ይበቃል። ረጅሙ ብዙ ጊዜ ከላይ እንደነገርኳችሁ ሥሩን መሬት የሰደደው ነው። ሲጫንም ሆነ ሲወርድ በአንገቱ አትያዙት፤ ላስቲኩን ደግፉት።

ጉድጓዱን ለተከላው ቀን ማቆየት

40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በዝናብ ቀን፣ ጭቃ ውስጥ መቆፈር የሰው ጉልበት መጨረስ ነው። ግንቦት ላይ ይቆፈር። የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታቹ ለብቻ ይከመር፤ ሲተከል የላዩ ወደ ሥሩ ይመለሳል። ቦሌና አቃቂ አካባቢ መሬቱ መረሬ፣ ያ ውሃ የሚይዘው ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ጉድጓድ ማለት ገንዳ ነው፤ ውሃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሰዋል። አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ላይ ትከሉ።

ቸኩሎ መትከልም አይበጅም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው፤ የኔም አካፋ ከዚያ በፊት ብዙም አይቸኩልም። ደግሞ ላስቲኩን አውልቁ። ይሄን መናገር አሳፋሪ ነው፣ ግን በየዓመቱ ከነላስቲኩ የተቀበረ አገኛለሁ።

ያገኙትን ሁሉ ማረም

በመናፈሻው በኩል ሰኔ የአረም ወር ነው። ሠራተኛው መሬቱን ጠርጎ ሲያጸዳ አለቃም ይደሰታል። ነገር ግን አደይ አበባ ዘሩ መሬት ውስጥ ተኝቶ ከርሞ የሚበቅለው በዚህ ዝናብ ነው። ቡቃያው ከጨጎጎት፣ ያ ልብስ ላይ ከሚጣበቀው፣ ጋር ይመሳሰላል፤ ዘመዳሞች ናቸው። አብሮ ይነቀላል። መስከረም ላይ ጎብኚው «አደይ የለም እንዴ?» ሲል መልስ እናጣለን።

ባለፈው ዓመት አንዷን ጥግ በችካል አጥሬ፣ ካርቶን ላይ «አይነካም» ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ። ጽሑፉን ዝናቡ በሳምንቱ አጠበው። ችካሎቹ ግን ቆሙ፤ መስከረም ላይ ከግቢው ሁሉ ያቺ ጥግ ብቻ ቢጫ ነበረች።