ኮምቦልቻ ተቀምጦ የነዳጅና የጋዝ ሙያን መከታተል

አባቴ የቦቴ ሹፌር ነበር። ከአሰብ ጭኖ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ሲገባ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ እንለየው ነበር። የአሰብ ማጣሪያ በፈረንጆቹ 1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ ጦርነት መጣና መንገዱም ተዘጋ። መኪኖቹ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ፤ አባቴም ቤት የሚመጣው በወር አንዴ ሆነ። ሩቅ አገር የተወሰነ ነገር እኛ ቤት ገብቶ ማዕዳችን ላይ እንደሚቀመጥ የገባኝ ያኔ ነው።

ዛሬ ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ከነዳጅ ማከማቻ ታንከርና ከፓምፕ ጋር ስውል አሥራ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ክረምት ክረምት ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች አሉን፤ ሳምንት ሳይሞላቸው አንዱ ቀረብ ብሎ፣ “ኢንጂነር፣ ዋናው ነገር ያለው ሂዩስተንና አቡዳቢ ነው፤ እኛ ቦርከና ዳር ሆነን እንዴት ከሙያው እንዳንቀር?” ይለኛል። መልሱን በየዓመቱ በቃል ስደግመው ኖርኩ፤ አሁን ልጻፈው።

ምን ልከታተል?

መጀመሪያ ቀንሱ። ብሬንት የሚባለውን፣ የዓለም ገበያ እንደ መለኪያ የሚይዘውን የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በየሰዓቱ የሚልክላችሁን ቻናል ሁሉ ከስልካችሁ አውጡ። የበርሜል ዋጋ ሁለት ዶላር መውጣት መውረዱ ለነጋዴ እንጀራው ነው፤ ፓምፕ ለሚጠግን ሰው ግን ቀኑን ይበላበታል። እኔ ለገበያው የምሰጠው በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መረጃ አስተዳደር የክምችት ሪፖርቱን ብዙውን ጊዜ ረቡዕ ያወጣል፤ በእኛ ሰዓት በበጋቸው 11፡30፣ በብርዳቸው ወራት 12፡30 ላይ ማታ ይደርሰናል። ቤከር ሂዩዝ የተባለው የነዳጅ አገልግሎት ኩባንያ በፈረንጆቹ ከ1944 ጀምሮ ሲቆጥረው የኖረውን የመቆፈሪያ ማማ ብዛት አርብ አርብ ያወጣል። ኦፔክ በየወሩ የሚያወጣው የገበያ ሪፖርት በነፃ ይወርዳል፤ ረጅም ስለሆነ የፍላጎትና የአቅርቦቱን ክፍል ብቻ አነባለሁ። ለቴክኒክ ወሬ ደግሞ የነዳጅ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በተለምዶ ኤስ ፒ ኢ የሚባለው፣ ጄ ፒ ቲ የተባለ መጽሔት አለው፤ በፈረንጆቹ ከ1949 ጀምሮ ይታተማል። ለጀማሪ ይህ ይበቃል።

ስታነቡ አንድ ወጥመድ አለ። በዚህ ሙያ አንድ “ኤም” ሺህ ነው፤ ሚሊዮን ለማለት “ኤም ኤም” ብለው ይደግሙታል፤ ከሮማውያን ቁጥር የመጣ ልማድ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ የአንድን ጉድጓድ የጋዝ ምርት ሺህ እጥፍ አድርጎ በሰው ፊት ሲያቀርብ አይቼ አዝኛለሁ። የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። በርሜል ደግሞ ወደ 159 ሊትር ነው፤ ይህን በቃላችሁ ያዙት።

ከዚያ ደብተር ግዙ። እኔ በግራው ገጽ ዜናውን በሦስት መስመር እጽፋለሁ። በቀኙ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦ “እኛ ጋ ያለውስ?” የቫልቩን ቁጥር፣ የታንከሩን ቁጥር፣ መጨረሻ የተፈተሸበትን ቀን እዚያ እጽፋለሁ። ሙያ የሚያስተምረኝ የቀኙ ገጽ ነው፤ እሱ ባዶ የሆነበት ሳምንት ወሬ ስሰማ የከረምኩበት ሳምንት ነው።

“ነዳጅ ተገኘ” ሲባል

ሰኔ 2010 ከኦጋዴን ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ መውጣት ጀመረ የተባለ ሰሞን ደሴ አጎቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። አጎቴ፣ “እንግዲህ ልጄ፣ ናፍጣ ሊረክስ ነው” አሉ። ደስታቸውን ማደፍረስ አልፈለግሁም፤ ግን ዜናው ውስጥ “በሙከራ” የምትለዋ ቃል ሁሉን ነገር እንደያዘች ነገርኳቸው።

ከመሬት በታች ያለ ሁሉ ክምችት አይባልም። ኤስ ፒ ኢ ከሌሎች ማኅበራት ጋር ባወጣው የአመዳደብ ሥርዓት መሠረት ክምችት ለመባል የተገኘ፣ በታወቀ ዘዴ ሊወጣ የሚችል፣ ሲወጣም የሚያዋጣ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ገና ሀብት እንጂ ክምችት አይደለም። እዚያው ኦጋዴን ካሉብ ላይ ጋዝ መኖሩ የታወቀው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲቆፍር። የጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው ግን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2018 ነው። “ተገኘ” እና “ተመረተ” በሚሉት ቃላት መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ። ዑጋንዳም ብትሉ ከአልበርት ሐይቅ ዳር ነዳጅ ያገኘችው በፈረንጆቹ 2006 ነው፤ እስከ ታንጋ ወደብ የሚሄደውን የ1,443 ኪሎ ሜትር ቧንቧ የመጨረሻ ውሳኔ ያገኘችው በ2022 ነው። ነዳጁ ሰም የበዛበት ስለሆነ እንዳይረጋ ቧንቧው እስከ ወደቡ ድረስ መሞቅ አለበት።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ አራት ነገር ጠይቁ፦ ጋዝ ነው ወይስ ድፍድፍ? ሙከራው ስንት ቀን ፈጀ? በምን ይጓጓዛል? ገዥው ማን ነው? ጋዝ ከሆነ ማጓጓዣው ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ያኔ መጠኑ 600 እጥፍ ያንሳል።

ከሁሉም በላይ የአደጋ ሪፖርት

ጊዜ አጥሯችሁ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ የአደጋ ምርመራ ሪፖርት አንብቡ። አሠራሬን የቀየረው የበንስፊልድ ሪፖርት ነው። በንስፊልድ ከለንደን በስተሰሜን ያለ የነዳጅ ማከማቻ ነው። ታኅሣሥ 11 ቀን 2005 እንደ ፈረንጆቹ፣ እሑድ ማለዳ፣ 912 ቁጥር ታንከር ቤንዚን እየተሞላ ነበር። የከፍታ መለኪያው ሌሊት ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ነዳጁ መግባቱን አላቆመም። መለኪያው ቢሳሳት እንኳ ፍሰቱን የሚያቋርጥ ሌላ ራሱን የቻለ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረ፤ እሱም አልሠራም። ለምን? የመፈተሻ መዘውሩ በትክክለኛ ቦታው ጸንቶ የሚቆመው ቁልፍ ሲቆለፍበት ነበር፤ ቁልፉ ግን አልተደረገበትም። ለሌባ መከላከያ እንጂ ለሥራው የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም። ቤንዚኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ትነቱ እንደ ጉም መሬት ለመሬት ተንጣለለ፤ ከዚያ ፈነዳ። 43 ሰው ተጎዳ፤ ሰው ያልሞተው እሑድ ማለዳ በመሆኑ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ቴክሳስ ሲቲ ማጣሪያ 15 ሰው ሞቷል፤ እዚያም ከመጠን በላይ የተሞላ ማማና ውሸት የሚያነብ የከፍታ መለኪያ ነበር።

ይህን ያነበብኩት ማታ ነው፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያን ጊዜ የምሠራው ሌላ ዴፖ ነበር። ጠዋት ታንከር ላይ ወጥቼ የእኛን ማብሪያ ማጥፊያ አየሁት። ከተገጠመ ጀምሮ ማን እንደፈተሸው የሚያውቅ የለም። የፍተሻ ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ለመንኩ። ስንፈትሸው ደወሉ አልጮኸም፤ ገመዱ ከውስጥ ተበጥሷል። ሁላችንም በየቀኑ እሱን አምነን ነበር ቤንዚን ስንሞላ የኖርነው። እስከ ዛሬ ሳስበው እጄ ይቀዘቅዛል።

የአሜሪካ ኬሚካል ደህንነት ቦርድ የቴክሳስ ሲቲንም ሆነ የሌሎችን ምርመራ በነፃ ያወጣል፤ አደጋውን ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችም አሉት፤ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሠራተኛ ሥዕሉ ብቻ ያስረዳዋል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩትም በርካታ የደህንነት ደረጃዎቹን በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስነብባል። ስለ ታንከር ሞልቶ መፍሰስ የሚናገረው ቁጥር 2350፣ ስለ ታንከር ፍተሻ የሚናገረው 653 ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን የሚወርደውን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት እኔን ያቆየኝ አንድ ፍላሽ ነበር።

ስለ ጉባኤ

ትልልቆቹን ስማቸውን እወቁ፤ የሂዩስተኑ ኦ ቲ ሲ በፈረንጆቹ ከ1969 ጀምሮ በግንቦት ወር አካባቢ፣ የአቡዳቢው አዲፔክ ከ1984 ጀምሮ፣ አሁን አሁን በፈረንጆቹ ኅዳር። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮችም በየሁለት ዓመቱ የነዳጅ ጉባኤ ያደርጋሉ። መሄድ ባትችሉ የቀረቡት ጽሑፎች ዋንፔትሮ በሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣሉ፤ ርዕሱንና አጭር መግለጫውን ያለ ክፍያ ታያላችሁ። ለእኛ ዋናው በር ግን በኢንተርኔት የሚሰጠው ውይይት ነው።

እዚህ ላይ ሰዓቱ ያሳስታል። የመጀመሪያዬ ውይይት “9፡00 ጂ ኤም ቲ”፣ ማለትም በግሪንዊች ሰዓት፣ ይል ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም የለም። ተሰርዟል ብዬ ዘጋሁት፤ ለካ የተጀመረው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለቴ መደመር መቀነስ ስለሚያምታታ በአንድ ጊዜ አድርጉት፦ ከጂ ኤም ቲ ሦስት ቀንሱ፣ የሐበሻ ሰዓት ይሆናል። 14፡00 ከሆነ 11 ሰዓት ማለት ነው። በሂዩስተን ሰዓት ከተጻፈ በበጋቸው ሁለት፣ በብርዳቸው ሦስት ጨምሩ፤ የእነሱ ጠዋት 9 የእኛ ማታ 11 ወይም 12 ነው።

ስትገቡ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። የእኔ ጥያቄ የቤንዚን ፓምፕ ነበር። ቦቴ ስናራግፍ ከሰዓት በኋላ ጠጠር እንደዋጠ ይንኳኳል፤ ኩሽኔቱን ሁለቴ ቀየርን፣ ለውጥ የለም። ስለ ፓምፕ በተሰጠ ውይይት መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ጻፍኩ፤ የቦታውን ከፍታና የነዳጁን ሙቀት ጨመርኩበት። ተናጋሪው መጀመሪያ ያየው ከፍታውን ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ይህ ለቤንዚን ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ የመሳቢያ ከፍታ ማጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀት ሲጨመርበት ነዳጁ ፓምፑ ውስጥ ይፈላል፤ አረፋው ግፊት አግኝቶ ወደ ውስጥ ሲደረመስ ነው የሚንኳኳው። ማራገፉን ወደ ማለዳ አዞርን፣ የመሳቢያውን ወንፊት በየሳምንቱ ማጽዳት ጀመርን፤ ድምፁ ጠፋ። “ፓምፓችን ይጮሃል፣ ምን ይሻላል?” ብዬ ብቻ ጽፌ ቢሆን ማንም አይመልስልኝም ነበር።

ከአጭበርባሪ ተጠንቀቁ። ከዓመታት በፊት የጉባኤ ጥሪ መጣልኝ፤ የቪዛ ደብዳቤ ጭምር እንልካለን አሉ። ጅዳ ያለችው እህቴ ከሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው 200 ዶላር ከፈለችልኝ። ጉባኤው አልነበረም። ያ ገንዘብ የእሷ ላብ ስለሆነ እስከ ዛሬ ያመኛል። አሁን ሳልከፍል በፊት ያለፈው ዓመት የቀረቡ ጽሑፎች መኖራቸውን አያለሁ፤ ከተናጋሪዎቹ አንዱን በራሱ አድራሻ እጠይቃለሁ፤ አዳራሹ ያለበትን ሆቴል ደውዬ አጣራለሁ። ነዳጅን፣ ነርሲንግንና ግብርናን በአንድ አዳራሽ የሚሰበስብ ጥሪ ከሆነ አልከፍተውም።

የቅዳሜው ቡና

ከሦስት ዓመት ወዲህ በወር አንድ ቅዳሜ ቤቴ እንሰበሰባለን፤ ሁለት የጥገና ባለሙያዎች፣ አንድ የማደያ ኃላፊ፣ አንድ የቦቴ ሹፌርና ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚመጡ ተማሪዎች። ሹፌሩን አትርሱ፤ ቫልቭ ሲያንጠባጥብ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። በአቦሉ አንድ ሰው ያነበበውን አደጋ ይተርካል። በቶናው “እኛ ጋስ?” እንባባላለን። በበረካው ማን ምን እንደሚያይ ይጻፋል።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ መተንፈሻው በላስቲክ ተሸፍኖ የቀረ ታንከር ነዳጅ ሲወጣለት አየር አጥሮት እንደ ጣሳ ወደ ውስጥ እንደተጨማደደ ነገረችን። ሹፌራችን ዝም ብሎ ሰማና፣ “እናንተ ጋ ጣሪያው ላይ ወፎች ሲመላለሱ አያለሁ” አላት። ሰኞ ጠዋት፣ ማራገፍ ሳይጀመር፣ የሁለቱን ታንከሮች መተንፈሻ ወጥተን ልናይ ተቀጣጥረናል።